ያገባሁት እኔ፣ የተጠየቀችው እሷ

ይድረስ ለተከበሩት ለሞት ምክንያት አጣሪ ቡድን ኃላፊ፣ ለአቶ አንዱአምላክ
ባሉበት

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ የቆላው ጭቃ የማይበግራት መኪናችሁም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። በእኛ በሽንፋ የሰው ጤና የሚጠየቀው ሰውየው በሕይወት ሳለ ነው። በእርስዎ ቢሮ ግን ጥያቄ የሚጀመረው ከቀብር በኋላ መሆኑን ስለተረዳሁ፣ ሰላምታዬ ያለጊዜው ደርሶ ከሥራዎ ካስተጓጎለዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እኔ አዛለች እባላለሁ። አምና በታኅሣሥ ለእርሻ ሥራ በወረደበት አብደራፊ ላይ ያረፈው የትራክተር ኦፕሬተሩ የጣሰው የሰማንያ ሚስት ነኝ። ጣሰው እርሻው ላይ ሳለ ሲታመም በአቅራቢያው የነበረው ጤና ኬላ ባለሙያ አልነበረውም፤ መንገዱም ተዘግቶ ስለነበር እኔ ልደርስለት አልቻልኩም። ሐኪም ሳያየው ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ፣ እኔም እርሜን ያወጣሁት ፎቶግራፉን ታቅፌ ነው። ሐኪም ያላየውን ሰው ምን እንደገደለው ቤተሰቡን ጠይቀው የሚያውቁ ባለሙያዎች ሊመጡ ነው ሲባል፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ያሉ ጎረቤቶች ነበሩ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነጠላዬን አጥቤ፣ መልሴን አሰናድቼ ጠበቅኋችሁ። እናንተ ወደ ሰገነት ሄዳችሁ።

ሰገነት አብደራፊ ላይ ለጉልበት ሠራተኞች ምግብ የምታበስል ሴት ናት። ባሌ ለሥራ በወረደ ቁጥር የት እንደሚያድር የማያውቅ ሰው ሽንፋ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ ይባል ነበር፤ አውቄ እንዳላወቀ ሰው የኖርኩ መሆኔን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ አረጋግጣለሁ። ቅሬታዎቼን ከቅናት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ፤ ጨዋ ሴት አትቀናም እየተባልኩ ነው ያደግኩት።

አንደኛ፣ ደንባችሁ ያስታመመ ሰው ይጠየቅ ይላል አሉ። ትኩሳቱ መቼ ጀመረው፣ ሌሊት ያልበው ነበር ወይ፣ ነስር ነበረው ወይ፣ ሆዱ በግራ ጎኑ በኩል አብጦ ነበር ወይ እያላችሁ ከጠዋት እስከ ቀትር አጠገቧ ተቀምጣችሁ ጠየቃችኋት። የጣሰውን ግራ ጎን በሕግ የማውቀው እኔ ነበርኩ። በየትኛው ጎኑ ሲተኛ እንደሚያንኮራፋ፣ ሲናደድ የትኛው ጆሮው እንደሚቀላ ብጠየቅ አንድም ሳልስት አልፍ ነበር፤ የጠየቀኝ ግን የለም። እጄን ይዞ ሊሞት የሚገባው ሰው የእሷን ይዞ ሞተ፤ እናንተም መጥታችሁ ይህንኑ አጸደቃችሁላት።

ሁለተኛ፣ በመጨረሻው ሰሞን ምን ይቀምስ ነበር ስትሏት፣ የሚወርድለት አብሽ ብቻ ነበር ብላ መመለሷን ሰምቻለሁ። ክቡር ሆይ፣ ይህ ሰው በእኔ ቤት አብሽ ሸተተኝ ብሎ ከማዕድ የሚነሣ ሰው ነበር። ስንት ጊዜ ለምኜዋለሁ። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ይህ ግን ያንገበግበኛል። ጨዋነቴ እዚህ ላይ አልቋልና እውነቱን ልናገር፦ ቀንቻለሁ።

ሦስተኛ፣ ሐኪሞቻችሁ መልሷን መርምረው ጣሰውን የገደለው ወባ ሳይሆን፣ ከመሬት ስንጥቅና ከግራር ሥር የምትወጣው የአሸዋ ዝንብ ነክሳ የምታስይዘው ካላዛር መሆኑን ሲደርሱበት፣ ይህንን የነገራችሁት ለእሷ ነው። እኔ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ብጠይቅ፣ ውጤቱ ለመልስ ሰጪዋ እንጂ ለሌላ ሰው አይነገርም ተባልኩ። ያን ዕለት ወደ ቤቴ የተመለስኩት፣ ለካስ ሌላዋ ሴት እኔ ኖሬያለሁ እያልኩ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ሆድ ይፍጀው ብዬ በተውኩት ነበር። ነገር ግን ዘንድሮ የበኩር ልጄ ለይኩን አባቱ በታመመበት እርሻ፣ በዚያው በተሰነጣጠቀ ጥቁር ዋልካ አፈር ላይ፣ ከዚያው ግራር ሥር እያደረ ሰሊጥ ሲያጭድ ሰንብቶ በትኩሳት ተመለሰ። ወባ ነው ተብሎ የወባ ክኒን ዋጠ። ለቀቀው ስንል እያገረሸበት፣ ልብሱ እስኪሰፋው ድረስ ከሳ። ምልክቱ ሁሉ እናንተ ሰገነትን በጠየቃችሁት ጥያቄ ውስጥ ነበረ፤ ያንን ጥያቄ ግን ወደ እኔ ቤት ያመጣው አልነበረም።

ወሬውን ሰምታ የደወለችልኝ ሰገነት ናት። ድምፅዋን ስሰማ ልዘጋባት ነበር፤ እሷ ግን ሰላምታም ሳታስቀድም፣ «እትዬ አዛለች፣ ግራ ጎኑን ዳስሺው። ጠጥሮ እንደሁ ወባ አይደለም፣ የአባቱ በሽታ ነው፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው» አለችኝ። እትዬ ማለቷ አናደደኝ። ልጄን ግን ዳሰስኩት፤ ጠጥሯል። ይኸው ሆስፒታል ገብቶ የካላዛሩን መርፌ እየወሰደ ነው። ሐኪሙ ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን ኖሮ ብሎ ጀምሮ፣ ፊቴን አይቶ ወደ ካርዱ ዞረ።

ስለዚህ አንድ ነገር በትሕትና እለምናለሁ። የሟቹን ገዳይ ስታውቁ ለሚስቱ መንገር ቢከብዳችሁ እንኳ፣ ከእሱ ጋር በአንድ ግራር ሥር ላደሩት ንገሩልኝ። እዚያ እርሻ ላይ ዛሬም ትኩሳቱን ወባ ነው እያለ የሚተኛ የሰው ልጅ አለ። እናቱ ደጋ ናት፤ የምትደውልላት ሰገነትም የላትም።

ባሌን ምን እንደገደለው ደክማችሁ ስላወቃችሁ አመሰግናለሁ። ዕውቀቱን ከእኔ በጥንቃቄ ስለጠበቃችሁልኝ ደግሞ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ማንም መጥቶ ስለ እርስዎ ሕመም ሌላ ሴት የማይጠይቅበት ረጅም ዕድሜ ለእርስዎና ለባለቤትዎ እመኛለሁ።

በመዝገባችሁ «ሌላ ሰው» የተባልኩት፣
የጣሰው ሚስት፣ የለይኩን እናት፣
አክባሪዎ አዛለች
ከሽንፋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰገነት ትናንት ከአብደራፊ መጥታ ከአልጋው ማዶ ተቀምጣለች፤ እኔ ከወዲህ ነኝ። ጠያቂዎቻችሁ የለይኩንን አስታማሚ ፈልገው ከመጡ ማንኛችንንም ማስቸገር አያስፈልጋቸውም። ዘንድሮ በሽተኛው ራሱ አለ፣ ይናገራል፤ እሱኑ ይጠይቁት። ያመጣችለትን አብሽ እንዴት እንደጨለጠው ግን እኔ ባለሁበት እንዳይጠይቁት።