ጭስ የሌለው ደጅ

ዓርብ፣ ኅዳር 6

እማማ ጥሩዬ እንቢ አሉኝ። እየሳቁ ነው እንቢ ያሉኝ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የለመንኋቸው ትንሽ ነገር ነው። የኅዳር ሚካኤል ጧት ሰፈሩ ሁሉ ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን ደጁ ላይ ሲያነድድ፣ ላስቲኩን ብቻ እናውጣው አልሁ። ቅጠሉ ይንደድ፣ ሣሩ ይንደድ። ፌስታሉ፣ የተበጠሰ ጫማው፣ የተሰበረ ጀሪካኑ ግን ይቅር። የሰፈሩ ሴቶች ከእኔ ይልቅ እርሳቸውን ይሰማሉ። እድሩን የያዙት እርሳቸው ናቸው።

«አንቺ የሰብለ እናት» አሉኝ፣ «አያቶቻችን ያንን የኅዳር በሽታ ያባረሩት በጭስ ነው። አንቺ ደግሞ ጭሱን ራሱን በሽታ አደረግሽው!»

አብረዋቸው የነበሩት ሴቶች ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለምን እንደ ሳቅሁ አላውቅም።

አምና በዚያ ጧት ሰብለ እጄ ላይ ልትሞትብኝ ነበር። አስሟ ተነሣባት፤ ከንፈሯ ጠቆረ። ይህን ሁሉም ያውቃል። ሆስፒታል ስንሮጥ ባጃጅ ያስቆሙልኝ እኒሁ እማማ ጥሩዬ ናቸው። ግን ጭሱ ነው ብለው አያምኑም። ብርድ ነው ይላሉ፤ ዓይን ነው ይላሉ። ሐኪሙ «ከላስቲክ ጭስ አርቂያት» አለኝ። ወዴት ላርቃት? በርና መስኮቱን በጨርቅ ጠቅጥቄ ነበር። ጭስ መግቢያ አያጣም።

ስድስት ቀን ቀረው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ስፌት ላይ ሳለሁ አንድ ነገር መጣልኝ። ሰውን ልማድህን ተው ቢሉት አይተውም። የሚያነደው ላስቲክ ከሌለው ግን ምን ያነዳል?

እንግዲህ ቀድሜ ልሰብስበው። ከጓሯችን ላለው ሩዝ መፈልፈያ የተቀደደ ጆንያ ስለምሰፋ፣ ጆንያ አላጣም። አሮጌ ላስቲክ ገዝቶ ባሕር ዳር ለፋብሪካ የሚያስረክብ ሰው አለ፤ ቀልጦ እንደገና ዕቃ ይሆናል ይላሉ። ስልኩን ከአንድ ባለሱቅ አገኘሁ። «ረቡዕ በመኪና እመጣለሁ፣ አዘጋጂው» አለኝ።

ሰው ግን ጥራጊውንም ቢሆን ሲጠይቁት ዋጋ ያወጣለታል። ስለዚህ እንዲህ አልሁ፦ ላስቲኩን ያመጣልኝ ሰው የተቀደደ ልብሱን ያለ ክፍያ እሰፋለታለሁ።

ሰብለ ሰምታ ፊቷን በመጽሐፏ ሸፈነች። «እማዬ፣ ቆራሌው ልትሆኚ ነው? እኔ ትምህርት ቤት በየት በኩል ልለፍ?»

ከሰዓት ሦስት ቤት ዞርሁ። አንዷ ሁለት የዘይት ጀሪካን ሰጠችኝ። አንዷ «ምነው፣ ስፌቱ አላዋጣ አለ?» አለችኝ። ሦስተኛዋ ውሻ ለቀቀችብኝ፤ ሳታየኝ ነው ብዬ ማመን እፈልጋለሁ።

እናቴ ቤት የኅዳር ጭስ ነጭ ነበር። ደረቅ ሣር፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የተበላ ሰፌድ። ሌላ የሚጣል አልነበረንማ። ጋቢው ሲያረጅ የልጅ መታቀፊያ ይሆናል፤ መታቀፊያው ሲያልቅ የአህያ ግላስ፤ ግላሱ ሲበጣጠስ የምጣድ ማሰሻ። የሚሞት ዕቃ ቀስ ብሎ ነበር የሚሞተው። አሁን ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ተገዝቶ በአንድ ቀን ይጣላል፤ ተጥሎ ግን አይሞትም።

እሑድ፣ ኅዳር 8

የንስሐ አባታችን ከቁሐር ሚካኤል መጥተው ነበር። ለእድሩ ሴቶች ይንገሩልኝ ብዬ ለመንኋቸው።

«እሳቱን አታንድዱ ብዬ አልናገርም» አሉኝ። «የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አይደለም፤ የሰው ልማድ ነው። ቢሆንም በደግ ቀን የሰው ልማድ ነክቼ መጣላት አልፈልግም።»

ተስፋ ቆርጬ ልነሣ ስል፣ «ቆዪ እስቲ» አሉ። «ስለ ጭሱ ብነግራቸው አይሰሙኝም። ስለ ከብቱ ብነግራቸው ግን ይሰሙኛል።»

ከቅዳሴ በኋላ ነገሯቸው። ቁሐር የክረምቱ ጎርፍ ሲሸሽ ሜዳው ላይ የሚቀረው የእኛው የወረታ ፌስታል እንደ ሆነ፤ ጨው የነካውን ፌስታል ላም ስታገኝ እንደምትውጠው፤ የጎረቤታቸው የነጠፈች ላም ከስታ ከስታ ስትታረድ ሆዷ ውስጥ የተገኘውን። «እንደ ትራስ ነበር» አሉ፣ በእጃቸው እያሳዩ። «ከአንዱ ቤት የተጣለ አይደለም። ከሁላችሁም ነው።»

ሴቶቹ አማተቡ። ስለ ልጄ ያላማተቡት ስለ ላም አማተቡ። ይህን ስጽፍ ምሬት አለብኝ፤ ይሁንና ማማተባቸው ጠቅሞኛል።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

መጡ። ከጧት ጀምሮ መጡ።

የመጣው፦ የውኃ ላስቲክ፣ የዘይት ጀሪካን፣ እግር የሌለው ወንበር፣ ብዙ ብዙ ነጠላ ጫማ፣ የተሰነጠቀ ባልዲ፣ ገመድ፣ አንድ አሻንጉሊት ያለ ራስ። ፌስታል መቁጠር አይቻልም። የፀረ አረም መድኃኒት ዕቃ ያመጣውን ሰውዬ ግን መለስሁት፤ ይህን ግብርና ጽሕፈት ቤት ውሰድ አልሁት። «ታጥቧል እኮ!» አለ። ቤቱ ውስጥ ጠላ ሊጨምርበት ነበር መሰለኝ።

ስፌቱ፦ ሱሪ፣ ሱሪ፣ የተማሪ ሸሚዝ፣ የአልጋ ልብስ፣ እንደገና ሱሪ። እግሬ ከስፌት መኪናው ጋር ተጣበቀ። ደስ ብሎኛል። ደስታዬን ግን አላምነውም።

ግቢው ሞላ። አከራዬ በሩ ላይ ቆመው ቁልሉን ከላይ እስከ ታች አዩት። «አይጥ ያመጣል» አሉ።

«ረቡዕ ይነሣል፣ አያ» አልሁ።

«ረቡዕ ነው ያልሽው?»

«ረቡዕ።»

ሰብለ ማታ ሁለት ጊዜ አሳለች። ከአቧራው ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት። የሰፈሩን ላስቲክ ሁሉ ልጄ የምትተኛበት ግድግዳ ሥር ነው የደረደርሁት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

እማማ ጥሩዬ መጡ። የሟች ባላቸውን ኮት ይዘው። ክንዱ ተተርትሯል።

«ላስቲክ የለኝም» አሉ። «ስፊልኝ ግን።»

«ሕጉ እንዲያ አይደለም፣ እማማ።»

«የእኔና ያንቺ ሕግ እድር ነው። ስፊ!»

ሰፋሁላቸው። እስክጨርስ ሰብለ አጠገብ ተቀምጠው ጸጉሯን ይደባብሱ ነበር። «ይቺ ልጅ ከስታለች። ደጅሽን በደንብ አጥኚላት። ጭስ ያልወጣበት ደጅ በሽታ ያድርበታል፤ እኔ ስለምወዳት ነው የምነግርሽ።» እሺ አልሁ። መከራከር ደክሞኛል።

ከሄዱ በኋላ ሰብለ «እማዬ፣ ሰውዬው ባይመጣስ?» አለችኝ።

ደወልሁ። ስልኩ አይነሣም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

አልመጣም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወለ። መኪናው ሐሙሲት ከተማ ላይ ተበላሽቶበታል። «ነገ ጎሕ ሲቀድ እደርሳለሁ። ግን ግቢ ገብቼ የምጭንበት ጊዜ የለኝም፤ መንገድ ላይ አውጥተሽ ጠብቂኝ።»

አከራዬም ዛሬውኑ ካልወጣ ብለዋል። እኔና ሰብለ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ እየጎተትን ደጅ አወጣን። አፋቸውን ሰፋሁት። አጥሩን ተከትለው ተደረደሩ። ሲያዩት ያምራል፣ እንደ መከር ክምር።

ነገ ሳይነጋ እነሣለሁ። ሰብለን ቤት አስቀምጣታለሁ። ሌላው ሰፈር ቢያጨስም የእኛ ሰፈር ላስቲክ የለውም። እግዜር ይመስገን ልበል? ገና ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ከሰዓት ነው።

የቀሰቀሰኝ ሽታው ነው። ሰብለ የሸተታት ከእኔ ቀድሞ ነበር፤ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላለች፤ ትከሻዋ ይወጣል ይወርዳል፤ ድምፅ የላትም። ጭሱ በበሩ ሥር ገብቷል። ጥቁር።

ወጣሁ። መኪናው አልመጣም፤ የሚነደው የእኔ ደጅ ነው።

እማማ ጥሩዬ ነጭ ለብሰው፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ በትራቸውን ይዘው እሳቱ አጠገብ ቆመዋል። ፈገግ ብለዋል። «እንቅልፍ ጣለሽ ብዬ ነው!» አሉኝ። «የሁሉም ደጅ ሲጤስ ያንቺ ብቻ ቀረ። ቆሻሻሽን አውጥተሽ ደርድረሽ፣ ክብሪት ነው የጎደለሽ። ለልጅቱ ብዬ ለኮስሁልሽ።»

በሚካኤል ዋዜማ ደጅ የወጣ ነገር የሚነድድ ነገር ነው። እዚህ ተወልጄ፣ እዚህ አድጌ፣ ይህን እንዴት ረሳሁ? አፉን ሰፍቼ፣ አስተካክዬ ደርድሬ፣ በገዛ እጄ አዘጋጀሁላቸው።

«ሰብለ!» ብቻ አልሁ። እርሳቸው ጭሱ በበራችን ሲገባ አዩ። ፊታቸው ተለወጠ። በትራቸውን ጥለው የሚነደውን ጆንያ በባዶ እጃቸው ያዙት፤ ከሌሎቹ ነጥለው ጎተቱት። የቀለጠው ላስቲክ እጃቸው ላይ ቀረ። አልጮኹም። ጎረቤት ወጣ፤ አንዱ ውኃ፣ አንዱ አፈር።

እኔ ሰብለን ተሸከምሁ። በደጅ ማለፍ አይቻልም። በጓሮ አጥር አሻግረን ወደ ሩዝ መፈልፈያው ግቢ አወጣናት፤ እግሯን የያዘችልኝ ያቺ ውሻ የለቀቀችብኝ ሴትዮ ናት። የሩዝ ገለፈት ቁልል ላይ አስደግፈናት የሚሳበውን መድኃኒቷን ሰጠኋት። አንድ ጊዜ። እንደገና። ከሜዳው በኩል ነፋስ ነበር። ስትጠብቂው አየር እንዴት ይዘገያል።

ኋላ ደረቷ ከፈት አለ። ያፏጫል፤ ግን አየሩ ይገባል።

ያን ጊዜ ቀና ብዬ ሰፈሩን አየሁት። ከየደጁ ጭስ ይወጣል። ቀጭን፣ ነጭ፣ የሣር ጭስ፤ እንደ እናቴ ቤት። የሁሉም። ጥቁር ጭስ የሚወጣው ከአንድ ደጅ ብቻ ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

መኪናው ዛሬ መጣ። ከሁለት ጆንያ በቀር ሁሉም ተርፏል። ሰውዬው ይቅርታ አላለም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ጫነና ሄደ። አቧራው እስኪረግፍ ቆሜ አየሁት። እፎይ ማለት ነበረብኝ። ሌላ ኅዳር፣ ሌላ ላስቲክ ይመጣል። ዛሬ ጧት እንኳ ሱቅ ጨው ልገዛ ሄጄ በፌስታል ይዤ ተመለስሁ። ቤት ስደርስ ነው ያየሁት።

ሐኪሙ ሰብለ ለጥቂት ቀን ትረፍ ብሏል።

እማማ ጥሩዬ በፋሻ በተጠቀለለ እጅ መጡ። ሌላው እጃቸው ማጭድ ይዟል። ሰላም እንኳ ሳይሉ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብለው፣ ቀልጦ መሬቱ ላይ የደረቀውን ጥቁር ነገር መፋቅ ጀመሩ።

«ይተዉት እማማ፣ እኔ እፍቀዋለሁ።»

ብዙ ፋቁ። «ሰው ሲወድ እንዲህ ነው የሚያቃጥለው?» አሉ ኋላ፣ ወደ መሬቱ እያዩ። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አልለየሁም። እኔም ልጄን ስወድ ነው ያንን ሁሉ አምጥቼ አጠገቧ የቆለልሁት።

ሰብለ ጋቢ ደርባ ወጣች። ጎንበስ ብላ «እማማ፣ ማጭዱን ይስጡኝ፣ ላግዝዎት» አለች። ድምፅዋ ገና ሻካራ ነው።

«አንቺ ተንፍሺ» አሏት። «ያንቺ ሥራ እሱ ነው።»

ሰብለ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። እርሳቸው ይፍቃሉ፤ እሷ ትተነፍሳለች። እኔ በመካከላቸው ቆሜ፣ ሁለቱንም አዳመጥሁ።