መጀመሪያ ያሞቅሁት ክር

ውድ እትዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ቻለልሽ ወይስ አሁንም ግድግዳ ትደገፊያለሽ? የልጆቹ አባትስ ሳሉ ለቀቃቸው? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ልቤ ግን አልረጋ ብሎኛል።

እንደጻፍኩልሽ የቀረጻ ባለሙያዎች ማኅበር ቅዳሜ ሊሸልመኝ ነው፤ ለዚያች አምፖል ለገጠምኩባት የእንጨት ሣጥን። ያረጀ የቴፕ ክር ሲጣበቅ ቀኑን ሙሉ ለብ ባለ ሙቀት አቆየዋለሁ። ሲደርቅ አንዴ በደንብ ይጫወታል፤ ያኔ ወደ ኮምፒውተር እንገለብጠዋለን። ከተጣሉ የመመሪያ ወረቀቶች ለቃቅሜ የደረስኩበት ነው። ብዙ ዘፈን አትርፈንበታል። አለቃዬ፣ ዝምተኛዋ ዶሯችን ሳታስካካ ጣለች እያለ በየቢሮው ያስቃል።

ያልነገርኩሽ ግን አለ። የመጀመሪያው ክር ተቃጥሎብኛል። በትንሿ ፈንታ ትልቅ አምፖል አድርጌበት ምሳ በልቼ ስመለስ ተጨማዶ አገኘሁት። የአንድ ሽማግሌ ዘፋኝ ነበር፤ ከሟች ባለቤታቸው ጋር የዘፈኑት፣ ሌላ ቅጂ የሌለው። ሊወስዱ ሲመጡ፣ ሲደርሰን ተበላሽቶ ነበርና ጣልነው አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው፣ ድካምሽን እግዜር ይቁጠርልሽ ብለውኝ ሄዱ። ይኸው ስድስት ዓመቱ።

ትናንት ሽልማቱን የሚሰጠኝ ማን እንደሆነ ሰማሁ፤ እሳቸው ናቸው። መድረክ ላይ ሣጥኗን እንዴት እንደጀመርሽ ተናገሪ ተብያለሁ። እሳቸው አጠገቤ ቆመው ምን ብዬ ልጀምር?

ዛሬ ጠዋት ደብቄ ያኖርኩትን ያንን የተቃጠለ ክር በፌስታል ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። በሩ ላይ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ክሩን ተቀብለው አሸተቱት።

«ያኔ ትንሿን አምፖል ብታደርጊበት ድምጿ ይተርፍ ነበር?» አሉኝ።

ልዋሽ ቃጣኝ እትዬ፤ አፌ እምቢ አለኝ። ይተርፍ ነበር አልኳቸው።

«እንግዲያው ቅዳሜ እመጣለሁ» ብለው በሩን ዘጉት።

ማይክሮፎኑን ሲይዙ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ይማሩኝ ይሆን ወይስ ያዋርዱኝ? ይህ ሲደርስሽ ያለፈው አልፏል፤ ቢሆንም ጸልዪልኝ። ፈርቻለሁ፤ ግን አልቀርም።

የልጆቹን አባት ሰላም በዪልኝ። ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋ ይቅናት፤ ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። ለአክስታችን ስለ ሽልማቱ ያለውን ብቻ አንብቢላት፤ የቀረውን ቅዳሜ ካለፈ በኋላ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።

ታናሽሽ

ከሥራ ክፍሌ፣ ሐሙስ ኅዳር 13 ቀን