የልብ ሁለት

ጎሴጎ፣

ሞሮጎ ጎመኑ ድስት ውስጥ አለልሽ፤ አሙቀሽ ብዪ። ጋዙን እንደ ሰኞ ከፍተሽው እንዳትወጪ።

ትናንት ብሪጅ ካርታ የምንጫወትበት ክለብ ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት ያልኩሽን አልደግመውም።

እሑድ ዕለት እዚሁ ወጥ ቤት የጨዋታ ምልክታችንን ልንቀይር ተስማምተናል። ድሮ አንቺ በጣልሽው ላይ ትልቅ ካርታ ስጥልልሽ «ወድጄዋለሁ፣ ቀጥዪ» ማለቴ ነበር፤ ገልብጠን ትንሹን «ቀጥዪ» አደረግነው። ትናንት አንቺ ልብ ስትጥዪ የልብ ሁለትን ጣልኩልሽ። ተጋጣሚያችን ሽማግሌው ሞዲሴ «ምን ማለቷ ነው?» ብሎ ሲጠይቅሽ «አልወደደችውም» አልሽውና ልብን ተውሽው። ጨዋታው እስኪያልቅ እኔ ትንፍሽ ማለት አልችልም፤ ሕግ ነው። ተበላን። ሞዲሴም «አንድ ቤት እያደራችሁ ነው እንዲህ የማትግባቡት?» ብሎ ሳቀብን።

ያኔ ነው የጮህኩብሽ። አንቺ ካርታውን ሰበሰብሽ።

ዛሬ ጠዋት ሻይ ስጠጣ ትናንት ኮምቢ ታክሲው ውስጥ ያልሽኝ ትዝ አለኝ። ወደ ክለቡ ስንሄድ «አዲሱን አልለመድኩትም፤ ዛሬን በድሮው እንጫወት?» ብለሽኝ ነበር። እኔ ስልክ እያወራሁ ራሴን በእሺታ ነቀነቅኩልሽ።

ይህንን ሞዲሴ ፊት ልትናገሪው ትችዪ ነበር። ለምን አልተናገርሽም?

እሱን ተዪው።

ሐሙስ ከእኔ ጋር ትጫወቺ እንደሆነ በካርታ መልሺልኝ፤ አንዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ። በድሮው፣ በአንቺው ይሁን፦ ትልቅ ካርታ «እንቀጥል» ነው፣ ትንሽ «በቃኝ»።

ትንንሾቹን ይዣቸው ሄጃለሁ።

ኦናሌና