የሚስተር ሆብስ ጥሩምባ

ውድ ሰገነት፣

ብደውል አታነሺም፤ ቴክስት ባደርግ «ቱር ላይ ነኝ» ነው መልስሽ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ደህና ነኝ እንዳልልሽ ደህና አይደለሁም። ቀንቻለሁ። ከሞተ መቶ ዓመት ባለፈው ሰው ቀንቻለሁ፣ በቃ!

ሐኒ እንኳ ስቃብኛለች። «ዳዲ፣ ሂ ኢዝ ዴድ» አለችኝ ልጅሽ። «እኮ ሞቶም እናትሽን ወስዶብኛል» አልኳት።

እስቲ ፍረጂኝ። ከፕሌዘንተን ወጣ ብሎ ያለውን አሮጌ የፖስታ ሠረገላ ማረፊያ ቤት በነፃ ላስጎብኝ ስትዪ «ሂጂ፣ አየር ለውጪ» ያለሽ ማን ነው? እኔው ነኝ! ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የሚወራው ስለዚያ የድሮ ሠረገላ ነጂ፣ ስለ ሆብስ ብቻ ሆነ። ሆብስ ከኦክላንድ ሳን ሆዜ ደብዳቤ ሲያመላልስ፣ ሆብስ በክረምት ጭቃ ሠረገላውን ሲገፋ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ምን የተለየ ነገር ሠራ? እኔስ እዚያው መንገድ ላይ ስንት ዓመት ሙሉ በሻትል ቫን ሰው እያመላለስኩ አይደል? አንድ ቀን «መንገዱ እንዴት ዋለ?» ብለሽኝ ታውቂያለሽ? የእሱን ፈረሶች ስም በቃልሽ ትጠሪያለሽ፤ የኔ ቫን ቀለሙ ምንድን ነው ብትባዪ ግን እንጃ።

ጓደኛሽ የሺሃረግና ባሏ እራት የመጡ ዕለት ነው የባሰብኝ። አፌ አመለጠኝና በእንግዳ ፊት «እንግዲያው ሂጂና ሆብስን አግቢ!» አልኩሽ። በማግስቱ ሻንጣሽን ይዘሽ የማረፊያ ቤቱ ጠባቂ ክፍል ገባሽ። የምርሽን ትሄጃለሽ ብዬ ነው እንዴ? የሺሃረግን እንድትሸመግለን ኮል ባደርግላት «አንተ ሰውዬ፣ ባጥንት ትቀናለህ?» ብላ ዘጋችብኝ።

ባለፈው ቅዳሜ መጥቼ ነበር። አውቀሽኛል፤ ኮፍያና ጥቁር መነጽር አንቺን አያታልልም። ከፈረንጆቹ ኋላ ተደብቄ ሰማሁሽ። ያን ቤት የምታስተዳድረው ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች አልሽ። ሆብስ ዳገቱ ላይ ሲደርስ በተሳፋሪው ቁጥር ጥሩምባ ይነፋል፤ እሷም ቆጥራ ያንኑ ያህል ሳህን ታቀርባለች። ራሱን ግን ቆጥሮ አያውቅም። ሰዉ ተቀምጦ ሲበላ እሱ ፈረስ እየቀየረ ጋጣ ውስጥ ቆሞ ይጎርሳል። ኋላ ባቡር መጣና ፖስታውን ወሰደበት። የመጨረሻው ቀን ሠረገላው ባዶ ነበር፤ ደብዳቤ የለ፣ ተሳፋሪ የለ። ዳገቱ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ነፋ። ሴትዮዋም አንድ ሳህን አቀረበችና እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቶ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ድምፅሽ ተንቀጠቀጠ። ለማን? ለሆብስ! «ጥያቄ ያለው?» ስትዪ እጄን አወጣሁና በዚያ በምትስቂበት እንግሊዝኛዬ «ሰውየው ሚስት ነበረችው ወይ?» ብዬ ጠየቅሁሽ። ኮስተር ብለሽ «ታሪክ አልመዘገበውም» አልሽና ወደ ኩሽናው አለፍሽ። ፈረንጆቹ ሳቁ። እኔ ምኑ ያስቀኛል!

ቤት ገብቼ እንደ ልማዴ ምድጃው ጋ ቆሜ ከድስቱ እየጎረስኩ ሳለ ያ አነጋገርሽ መጣብኝ፤ «ቁጭ ብለህ ብላ እንጂ፣ ፈረስ ነህ እንዴ!» የምትዪኝ። «ቆይ፣ ተሳፋሪ ይጠብቀኛል» እያልኩ እወጣ ነበር። ሁለት ሳህን አቅርበሽ ብቻሽን ስንቴ በላሽ? አሁን ድስቱን ይዤ ብቀመጥ ደግሞ ፊት ለፊቴ ማንም የለም። ቤቱ አስጠላኝ ሰገነት። ናፈቅሽኝ።

የፊታችን ቅዳሜ ኦፍ ወስጃለሁ። ቱርሽ ሲያልቅ በቫኑ እመጣለሁ፤ ቀለሙ ሰማያዊ ነው፣ እንዳትረሺ። ተሳፋሪ አልጭንም። ዳገቱ ላይ ስደርስ ክላክስ አደርጋለሁ፣ ጎረቤቱ የፈለገውን ይበለኝ። ያ ሆብስሽ አንድ ጊዜ ነው የነፋው፤ ለራሱ ብቻ። ሴትዮዋ ከማን ጋር እንደምትበላ አላሰበም።

እኔ ሁለቴ ነው የምነፋው።

በሕይወት ያለው ባልሽ፣
ህዝቅያስ