ዞን ብዬ ነው የጻፍኩት

መጋቢት 2፣ ሰኞ

ስልኬ ተወረሰ። ሂሳብ ከመቶ አርባ አንድ ስላመጣሁ። አባቴ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ቤት ውስጥም ሲናገር ተሳፋሪ የሚያወርድ ይመስላል። «ስልክ። እዚህ። እስከ ፈተናው።» ፈተናው መጋቢት 16 ነው። ሁለት ሳምንት…

ስልክ የወሰደ መስሎታል። የወሰደው ቡድኔን ነው።

«እምቢተኞቹ» ይባላሉ። የኢንተርኔት ቅርጫት ኳስ ቡድን። ሁለት ዓመት አሳደግኳቸው። ኳሱን የሚጫወተው ኮምፒውተሩ ነው፤ እኔ አሰልጣኝ ነኝ። ማን እንደሚሰለፍ፣ እንዴት እንደሚያጠቁ፣ እንዴት እንደሚከላከሉ አዛለሁ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨዋታው በራሱ ይካሄዳል። ትዕዛዝ የሚቀበለው በጨዋታው ቀን ብቻ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ። በዚያ ሰዓት እኔ የት ነኝ? ክፍል። አርባ አንድ ከሰጠኝ ሰውዬ ፊት ለፊት።

ዛሬም ተሸነፍን። ከአሥራ ሁለት ቡድን ስምንተኛ ነን። ውድድሩ ሲያልቅ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይፈርሳሉ። መውረድ የሚባል ነገር የለም። ተጫዋቾቹ ይበተናሉ፣ ስሙም ይጠፋል። ስድስት ጨዋታ ቀርቷል።

ችግሩን አውቀዋለሁ። መከላከላችን ነው። ቁም ሳጥን ያልኩት የመሀል ተጫዋቼ ሁለት ሜትር ከአሥራ ስምንት ነው። ቅርጫቱ ስር ከቆመ ማንም አያልፈውም። ሰው በሰው ስንይዝ ግን የሚይዘው ልጅ እየሮጠ ወደ ውጭ ይጎትተዋል። ቁም ሳጥን ሲጎተት ምን እንደሚሆን ቤት ቀይሮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቃል። መፍትሔው ዞን ነው። እያንዳንዱ ሰው መከተሉን ትቶ ቦታውን ይጠብቃል፤ ሁለት ፊት፣ ሦስት ኋላ፣ ቁም ሳጥን ከቅርጫቱ ስር ንቅንቅ አይልም።

ይህን ማን ያስገባልኝ?

መጋቢት 3

አጎቴ። ሌላ ሰው የለኝም።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ ስልሳ ሦስት ዓመታቸው። ከትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው። ኮምፒውተር ላይ የምትሠራው አንዲት ጣታቸው ናት፤ ዘጠኙ ጡረታ ወጥተዋል። በወጣትነታቸው በአንድ ፋብሪካ ቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ ዞን የሚለውን ቃል ሲሰሙ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ሆኑ።

«ሰው ሰውን ይጠብቃል እንጂ ወለል ይጠብቃል እንዴ?»

የዘመናቸውን ኳስ ሃያ ደቂቃ ሰበኩኝ። አንገቴን እየነቀነቅኩ ሰማሁ። ከዚያ ወረቀቱን ሰጠኋቸው፦ እዚህ ግቡ፣ ይህን ምረጡ፣ መከላከያ ዞን። ተቀበሉ። መነጽራቸውን አጥልቀው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

መጋቢት 4፣ ረቡዕ

81 ለ 64። የተሸነፍነው እኛ ነን።

ከክፍል ስወጣ ሮጬ ሄድኩ። ገጹ ላይ «መከላከያ፦ ሰው በሰው» ይላል። ዞን ምን ሆነ? አልኳቸው። ያልሽውን ነው ያደረግኩት አሉ። ደግሞ ዓይኔን እያዩ።

ምናልባት ተሳስተው ይሆናል… አንዲት ጣት ናት እኮ።

መጋቢት 6፣ ዓርብ

ተሸነፍን። ዘጠነኛ። እንደገና «ሰው በሰው»።

ወረቀቱ ላይ ዞን የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ ሦስት ጊዜ አስምሬበት ነበር። የፊደል ገበታ የማያውቅ ሰው እንኳ አንድ ነገር እንደተፈለገ ይገባዋል። ዞን አድርጌያለሁ አለኝ። በእናቱ ስም ማለልኝ። የእሱ እናት እኮ የእኔ አያት ናት፣ በአያቴ ስም መማሉ ነው!

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ውስጥ ለአጎቴ አንቱታ የለም። እሱ ነው። ውሸታም ነው። የራሱን ሰው በሰው ሊያሳየኝ ሲል ቡድኔን ያፈርሳል።

ክፍላችን ውስጥ አንድ ልጅ አለ፣ ጠበቃው እንለዋለን፤ ከመምህር ጋርም ከመስኮት ጋርም ይከራከራል። እሱም እዚያው ውድድር ውስጥ ቡድን አለው፣ ከእኛ በታች። ዛሬ በእረፍት ሰዓት መጥቶ፣ ያ ቁም ሳጥንሽ በሩ አይዘጋም እንዴ፣ ሁሉም እየገባ እየወጣ ነው አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መልሱን ያገኘሁት ደወል ከተደወለ በኋላ ነው። እኔ! አርፍጄ!

መጋቢት 8

አጎቴ እሑድ ነው ብሎ ቤታችን መጣ። ጸጉሬን ልታጠብ ገባሁ። ሁለት ሰዓት ታጠብኩ። እናቴ በሩን እየደበደበች፣ በራ ሆነሽ ልትወጪ ነው? አለች።

መጋቢት 9፣ ሰኞ

ተሸነፍን። አሥራ አንደኛ። ከጠበቃው በታች።

ዛሬ የሆነውን ስጽፍ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው። ከንዴት ነው። ይመስለኛል።

ሱቁ ውስጥ አንዲት ሴትዮ መታወቂያ ኮፒ ታስደርግ ነበር። አላየኋትም፣ ማንንም አላየሁም። ስክሪኑን ብቻ። ሰው በሰው። ዞርኩና፣

«ዋሽተሃል» አልኩት።

ዋሽተዋል አላልኩም። ዋሽተሃል። ደብተሩ ላይ ሳለማምደው ሰንብቼ ከአፌ ወጣ። ሴትዮዋ መታወቂያዋን ቀማ አድርጋ ወጣች፣ ኮፒውን ሳትወስድ።

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢጮህ ጥሩ ነበር። መልስ አዘጋጅቼ ነበር፣ ሦስት መልስ። መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ አጠለቀ።

«ረቡዕስ ከማን ጋር ነው?» አለ።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥዬለት ወጣሁ።

ሴትዮዋ የእናቴ ጓደኛ ሆና ተገኘች። መቼም ዓለም ስትፈልግ ትጠባለች። እናቴ ከሥራ ስትመለስ የነርስ ልብሷን ሳታወልቅ ክፍሌ በር ላይ ቆመች። አልጮኸችም። ወንድሜን አንተ አልሽው? አለች። አዎ አልኩ። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ዛሬ የሚጮህ ሰው ጠፋ እንዴ?

መጋቢት 11፣ ረቡዕ

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

የኬሚስትሪ መምህር ቀሩ። ስምንት ሰዓት ላይ ተለቀቅን። ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት አለ። እጅ ከፍንጅ እይዘዋለሁ ብዬ በግድግዳው ጥግ ጥግ ሄድኩና ከበሩ መጋረጃ ኋላ ቆምኩ። ሌባ ጠባቂ ሆኜ።

ብቻውን ነበር። ወረቀቴን ከስክሪኑ አጠገብ በማጣበቂያ ለጥፎታል። እየጮኸ ያነባል፣ እንደ ተማሪ። «መከላከያ… ዞን።» ጣቷ ወረደች። ዞን መረጠ። በዓይኔ አየሁ። በእርሳስ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ። ቀጠለ፣ ሁሉንም፣ አንድ በአንድ፣ እኔ እንኳ እንደዚያ ተጠንቅቄ አላውቅም። ገጹ ታች ላይ ደረሰ። እዚያ የቁም ሳጥን ፎቶ አለ፣ አምበል ስለሆነ። ከፎቶው ስር አንድ ቁልፍ፦ «አስቀምጥ»።

ጎንበስ ብሎ አነበበው። ራሱን ነቀነቀ።

«አላስቀምጥህም ልጄ፣ አይዞህ» አለው። ለቁም ሳጥን። ለፎቶው። ከዚያ ገጹን ዘጋው።

ዘጋው! ሳያስቀምጥ!

አራት ቀን… አይ፣ ሦስት ጨዋታ። ሦስቱንም ዞን መርጦ፣ ምልክት አድርጎ፣ ልጁን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ላለማስቀመጥ ሲል ዘግቶታል። ካልተቀመጠ ደግሞ ገጹ ወደ ነበረበት ይመለሳል፦ ሰው በሰው።

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው፣ ከዚያ ንዴት፣ ከዚያ ምን እንደሆነ የማላውቀው ነገር። አጎቴ፣ እሱ እኮ ልጁን አይደለም፣ ትዕዛዙን ነው፣ እንዳይጠፋ ማስቀመጥ ነው አልኳቸው።

ጣታቸውን ከቁልፉ ወደ ፎቶው፣ ከፎቶው ወደ ቁልፉ አመላለሱ።

«ታዲያ ለምን ከልጁ ስር ጻፉት?»

እውነታቸውን ነው። ይህን ገጽ ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው የት ይኖር ይሆን? ሄጄ በሩን ላንኳኳ።

ከዚያ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ፋብሪካው ቡድን ውስጥ ሦስት ዓመት። አንድም ደቂቃ አልገቡም። የመጨረሻው ፍልሚያ ላይ አሰልጣኙ ተነስ አላቸው፣ ቱታቸውን አወለቁ፣ እጃቸውን አፍታቱ፣ አባታቸው ከተመልካች መሀል ቆመው አጨበጨቡ… አሰልጣኙ ሐሳቡን ቀየረ። «አስቀመጠኝ» አሉ። «ቱታዬን መልሼ ስለብስ አንዱ እግር አልገባ ብሎኝ፣ ሰው ሁሉ እያየ።» እየሳቁ ነው የነገሩኝ። እኔ አልሳቅኩም።

ለዘጠኝ ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ አንድ ላይ ገባን። ቁልፉን ተጫኑት። ዓይናቸውን ጨፍነው።

74 ለ 60። አሸነፍን።

ይቅርታ አልኩ። ለማን እንደሆነ ግን ግልጽ አልነበረም፤ የማየው ማሽኑን ነበር። የእኔ ምላስ! ለስድብ ሲሆን ፈረስ፣ ለይቅርታ ሲሆን ኤሊ።

መጋቢት 13፣ ዓርብ

ደግመን አሸነፍን። አሥራ አንደኛ ነን፣ ጠበቃው አሥረኛ፣ በነጥብ እኩል። የሰኞው የመጨረሻ ጨዋታ ከማን ጋር ነው? ከጠበቃው ጋር። የተሸነፈ ይፈርሳል።

ከአጎቴም ጋር ተጣላን። በአንቱታ ነው የተጣላነው፣ እሱ እንኳ መሻሻል ነው።

ለሰኞ ዞን አይሆንም አሉ። የጠበቃውን ጨዋታዎች በሙሉ አንብበዋል፣ በኮፒ አትመው፣ በእርሳስ አስምረው። ኳሱን ከጥግ ሆኖ ባለ ሦስት ነጥብ ነው የሚወረውረው፤ ዞን ደግሞ ጥጉን ክፍት ይተዋል።

«ያንቺ ልጆች ወለል ሲጠብቁ እሱ ከጥግ ሦስት ሦስት ይለቅማል።»

ሰው በሰው ካልን ደግሞ ቁም ሳጥን ይጎተታል አልኩ። ይጎተታል አሉ። ታዲያ? አልኩ። «ታዲያማ ቁም ሳጥንን…» ብለው አቆሙ። እኔም አልጨረስኩላቸውም። ሁለታችንም ምን ሊባል እንደነበር አውቀናል። የማይፈልጉትን ነገር ለምን ይጀምራሉ? ጥያቄውን ትተውልኝ ማሽናቸውን ማጽዳት ያዙ። በሩን ሳልዘጋ ሄድኩ።

ሁለት ጨዋታ ያሸነፈው ዞን ነው። የእኔ ዞን።

መጋቢት 15

ሂሳብ እያጠናሁ ነው። ማለትም ሂሳብ ደብተሬ ተከፍቷል። ለአጎቴ የሚሰጠውን ወረቀት ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። ዞን። ቀደድኩ። ሰው በሰው። ቀደድኩ። ዞን…

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? ጥጉ ክፍት መሆኑን እኔም አይቼ ነበር። ከእሳቸው አንድ ቀን ቀድሜ።

አራተኛውን ወረቀት ስጽፍ «መከላከያ» ከሚለው ቀጥሎ ምንም አልጻፍኩም። ባዶ ተውኩት። እናቴ ጠዋት በመንገዷ ታደርስልኛለች፤ እኔ ይዤው ከሄድኩ መንገድ ላይ መሙላቴ አይቀርም።

መጋቢት 16፣ ሰኞ

ፈተናው ከሰባት ተኩል እስከ ዘጠኝ ተኩል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ስድስተኛው ጥያቄ ላይ ነበርኩ። ጠበቃው ከፊቴ ነው፣ ጆሮው ቀልቷል። እሱም ሰዓቱን ያያል።

ሱቁ ስደርስ አጎቴ ለኮምፒውተሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። በቃ ፈርሰናል አልኩ በልቤ።

«አስቀመጥኩት» አሉ።

ትዕዛዙን? አልኩ።

«ልጁን።»

ሰው በሰው አድርገዋል። ቁም ሳጥንን ከመጀመሪያው ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ በእሱ ቦታ ከሁሉም አጭሩን ፈጣን ልጅ አስገብተዋል። ጥጉ ተዘጋ። ጠበቃው ከጥግ አሥራ ሰባት ወርውሮ ያገባው ሦስት ነው። እኔ ብሆን አላደርገውም ነበር። ቁም ሳጥኔን? በፍጹም።

«የመጨረሻዋን ሩብ ጨዋታ ግን ይግባ ብዬ አዝዣለሁ» አሉ ቶሎ ብለው፣ እንደሚከሰስ ሰው። «ቱታውን አስወልቄ ልተወው አልችልም።»

77 ለ 76፣ ለእኛ። የመጨረሻዋን የተመለሰች ኳስ ከቅርጫቱ ስር የለቀመው ቁም ሳጥን ነው።

ውጤቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ከዚያ ተናደድኩ፣ እንዲህ ሊያስብ የሚችል ሰውን ሦስት ዓመት ያስቀመጠው ያ አሰልጣኝ ማን ነበር? ሞቷል አሉ። ዕድሉ ነው።

ወደ ቤት ስሄድ ጠበቃውን አጥሩ ጋ አየሁት። ሳምንት ሙሉ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። ቡድኑ ፈርሷል፣ ስሙም ከገጹ ላይ የለም። ቻው ብዬው አለፍኩ። እንደዚያ ያለ ቆንጆ ስድብ ባከነ፣ ያበሽቃል።

መጋቢት 18

ስልሳ ስምንት። አባቴ ውጤቱን አየ፣ እጁን ኪሱ ከተተ፣ «ስልክ። ያንቺ።» አለ።

ከትምህርት ቤት ስወጣ ቀጥታ ወደ ቤት መሄድ እችል ነበር። እግሬ መንገዱን ተሻገረ። አጎቴ የአዲሱን ውድድር ቡድኖች ዝርዝር በትልቁ አትመው ግድግዳው ላይ ሰቅለዋል። ሦስተኛው ቡድን ላይ የጻፉት የመከላከል ሐሳብ ፍጹም ስህተት ነው፤ ነገርኳቸው፣ አንድ ሰዓት ተጨቃጨቅን፣ ደንበኛ መጥቶ ሰልችቶት ሄደ።

«አባትሽ ስልክሽን መለሰልሽ?» አሉኝ በመሀል።

«አልመለሰም። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ነው የሚለው» አልኩ።

ሳልጨርስ ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ጮኸ። እናቴ ናት፣ ከቀኑ ሰዓት ሁሉ መርጣ። ጮኸ፣ ጮኸ። ቦርሳውን በጉልበቴ ጫንኩት። አጎቴ ቀና አላሉም። ማሽኑ ውስጥ ወረቀት እየከተቱ ነው።

«ይሄ ማሽን ሰሞኑን መጮህ ጀምሯል» አሉ።

«ላጥፋው?» አልኩ።

«ተይው፣ ይጩህ።»