እንስራው ሥር ያለችው ብልቃጥ

እማየ፣ ነፍስሽን በአጸደ ገነት ያኑርልንና፣ ከተለየሽን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ሰው ለሟች ናፍቆቱን ይጽፋል፤ እኔ ግን ቁጣዬን ነው የምጽፍልሽ። ገና አልታረቅሁሽም።

ለስኳር በሽታሽ የታዘዘልሽን መርፌ ፍልሰታ ሲገባ ጾም ያስገድፋል ብለሽ ተውሽው። የንስሐ አባትሽ እንኳ መድኃኒት ጾም አይሽርም ብለው መከሩሽ። አንቺ እቴ! እሺ አባቴ ብለሽ ጉልበታቸውን ሳምሽ፤ እኔንም ተወጋሁ እያልሽ ሸነገልሽኝ። ጾሙ ሳይፈታ ሄድሽ። ከቀብር መልስ፣ መድኃኒቱ እንዳይሞቅ ብለሽ እንስራው ሥር የምታኖሪያትን ብልቃጥ ባወጣት ጠብታ አልጎደለባትም። ያን ዕለት ከልቅሶዬ ንዴቴ ይብስ ነበር።

ታላቅ እኅትሽ እትየ ዘርፌ የእናት በሽታ ዕጣ ነው፣ የተጻፈ አይፋቅም ይላሉ። አትመርመሪ፣ ስሙን ከጠሩት ይመጣል ብለው እግሬ ላይ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው። ሄድሁ። ሐኪሙ ገና አልታመምሽም፣ ግን ጀማምሮሻል አለኝ። ስኳሩን ከደም ወደ ሥጋ የሚያስገባው፣ ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን ደሜ ውስጥ ሞልቷል አለ፤ አልሰማም ያለው ሥጋዬ ነው። በሕመምተኛ ልጆችና እኅት ወንድሞች ላይ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጀምራል፤ በእግር መሄድና ጣፋጭ መቀነስ ግን ሥጋን ወደ መስማት ይመልሰዋል አለኝ። ከት ብዬ ሳቅሁ። አልሰማም ባይነት ለቤታችን አዲስ ነው እንዴ?

ከዚያ ወዲህ የቀበሌውን ስኳር ተሰልፌ አወጣና ለጎረቤት እሰጠዋለሁ። ከሰፈራችን ከግሽ አባይ እስከምሠራበት ፋብሪካ ድረስ በእግሬ ነኝ፤ የሠራተኛው ሰርቪስ ጥሩንባውን እየነፋ ያልፈኛል። መንገዴ ላይ ባለው ሐይቅ ዳር ሳልፍ ሸንኮራ በጥርስሽ ልጠሽ ለስላሳውን በኩል ለእኔ ስትሰጪኝ ትዝ ትይኛለሽ። አንጀቴን ትበይዋለሽ።

ሙት ዓመትሽ ዕለት እትየ ዘርፌ ጠጅ በብርሌ ሞልተው፣ ለእናትሽ ነፍስ ነው ብለው ዘረጉልኝ። እምቢ አልሁ። በድንኳኑ ሁሉ እናቷን የካደች ተባልሁ። ይበሉኝ! እርስዎም እኅቷ ነዎት፣ ደሙ የእርስዎም ደም ነው አልኋቸው። አኮረፉኝ። በሳምንቱ ጧት በሬ ተንኳኳ፤ እትየ ዘርፌ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ሐኪም ቤቱ በየት በኩል ነው አሉኝ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩልኝ። አሁን ማለዳ ማለዳ እያጉረመረሙ እስከ ሐይቁ አብረውኝ ይሄዳሉ።

ብልቃጧን አልጣልኋትም። እንስራው ሥር እንዳለች አለች፣ ሙሉዋን። ፍልሰታ በገባ ቁጥር አወጣና አያታለሁ፤ እቈጣሻለሁ፣ አለቅስልሻለሁም። እስክሞት አልረሳሽም እማየ።

ቶሎ ግን አትጠብቂኝ።