ጋሽ መኮንን ያጠቡት የባሩድ መስፈሪያ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሰባት ወር ሊሞላ አራት ቀን ቀርቶታል። ደህና ነኝ እንዳልልህ ተናድጃለሁ። ሶ፣ መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህና ወደ ንዴቴ እመለሳለሁ።

እማዬ ኤርፖርት የቀን ሺፍት አግኝታለች። ጎረቤታችን አሁንም ቅዳሜ በጠዋት በማሽን ሣር እያጨደ ይቀሰቅሰናል። የእማዬ ወንድም ጋሽ መኮንን ደግሞ አንተ ካረፍክ ጀምሮ በየቅዳሜው እየመጡ የቤቱ አባወራ ሆነዋል። ሹመቱን ማን እንደሰጣቸው አላወቅንም። ቧንቧ ካንጠባጠበ እሳቸው፣ የመኪና ዘይት እሳቸው፣ የእኔ ጂኦሜትሪ ሳይቀር እሳቸው። ጂኦሜትሪው ላይ ስልሳ ሁለት አምጥተናል።

ጋራዥ ውስጥ የተተኮሰ ቀለህ መልሰህ ጥይት የምታደርግበትን ጠረጴዛ ግን እንዳለ ትተነው ነበር። አጽድተህ አዘጋጅተሃቸው ባሩድ ብቻ የቀራቸው ሠላሳ ቀለሆች በፎጣ እንደተሸፈኑ ነበሩ። እማዬ፣ ጋሽ መኮንን አጠገቤ ከቆሙ እንድጨርሳቸው ፈቀደችልኝ። መስፈሪያውን፣ ያንን እጀታው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር የአንድ ጥይት ባሩድ የሚጥለውን ብረት፣ ለማንም አላስነካም ነበር። መጠኑን የምትወስነውን ብሎን ለመጨረሻ ጊዜ ያዞርካት አንተ፣ ዳዶዋን ያጠበቅከው አንተ። ሠላሳዎቹን አንተ በተውከው ልክ ልሞላቸው ነበር ሐሳቤ።

የመንፈቅህ ዕለት ጋሽ መኮንን ለእንግዶቹ ወንበር ቦታ ሊያመቻቹ ጋራዥ ገቡ። መስፈሪያው ላይ አቧራ አዩ። ፈቱት። በሳሙና አጠቡት። ፀሐይ ላይ አሰጡት። መልሰው ከገጠሙት በኋላ እንዳይዝግ ብለው ቫዝሊን ቀቡት። አባዬ፣ ቫዝሊን። እኛ ዘንድ ለፊትም፣ ለተረከዝም፣ ሲጥ ሲጥ ለሚል በርም መድኃኒቱ አንድ መሆኑን ታውቃለህ። ባሩድ ቅባት ላይ ይለጠፋል ብላቸው፣ "አንቺ ልጅ፣ እኔ ብሔራዊ ውትድርና የዘመትኩ ሰው ነኝ፤ ስለ መሣሪያ አታስተምሪኝም" አሉኝ። የዘመቱት ወጥ ቤት እንደነበረ ነግረኸኛል።

እኔም ጮኽኩ። እንግዳው ሁሉ እየሰማ፣ ቄሱም ቁጭ ባሉበት፣ "አባቴን ሁለተኛ ቀበሩት" አልኳቸው። ጋሽ መኮንን የያዙትን ወንበር አስቀምጠው ወደ ጓሮ ወጡ። እማዬ ሦስት ቀን አላናገረችኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ምንም እንዳልተፈጠረ መጡና "ተነሺ፣ አዲስ እንገዛለን" ብለው ሌዊስቪል ያለ የመሣሪያ ሱቅ ወሰዱኝ። ባርኔጣ ያደረገውን ሻጭ መጀመሪያ የጠየቁት "ኦርጅናሉ የትኛው ነው?" ብለው ነው። ቀጥለው መስፈሪያዎቹን አንድ በአንድ በእጃቸው እያነሱ በክብደት አወዳደሩ፤ እንደ በግ። መጨረሻ ላይ ኤሌክትሪክ የሆነውን መረጡ፣ መብራት ስላለው። መስፈሪያ የሚመረጠው በባሩዱ ዓይነት ነው ብለኸኝ የለ? እሱኑ ነገርኳቸው። እንደ ስንጥር ረዘም ያለው ባሩድ መስፈሪያው ውስጥ እየተቆረጠ እጀታውን ያንገጫግጨዋል፤ የእኛ ግን እንደ ጤፍ የደቀቀ ስለሆነ አሮጌው ይበቃዋል። ሻጩ "ልጅቷ ልክ ናት" አለ። ባዶ እጃችንን ተመለስን። እስከ ቤታችን እስከ ዩለስ ድረስ መንገዱን ሙሉ "ፈረንጅ ፊት አዋረድሽኝ" የሚለውን ሰማሁ።

ቫዝሊኑን በአልኮል ጠርጌ እስኪወጣ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከደረቀ በኋላ ዛሬ ባሩድ ጨምረን መለካት ጀመርን። አስር ጊዜ መጣል፣ አንድ ላይ መመዘን፣ ለአስር ማካፈል፣ ብሎኑን ትንሽ ማዞር፣ እንደገና። ጋሽ መኮንን እጀታውን ከጉድጓድ ውኃ እንደሚስብ ሰው ይጎትቱታል። "ቀስ ብለው፣ ሁሌ እኩል" ስላቸው "አትዘዢኝ" ይላሉ። አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ያንሳል። ልቀቁልኝ ብዬ ራሴ ያዝኩት። በመጨረሻ አስሩም እኩል ሆኑ፣ ክብደቱም የባሩዱ ዕቃ ላይ አንተ የጻፍከው ቁጥር ላይ አረፈ።

ልመዘግበው ብዬ የጥይቱን ሥራ የምትጽፍበትን ደብተርህን ገለጥኩ። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ሆስፒታል ከመግባትህ በፊት በነበረው ሳምንት፣ በእጅህ "ባሩዱን ወደ ዕቃው መለስኩ። ብሎኑን እስከ መጨረሻ አላላሁት" ይላል። ከዚያ በፊት ያለው ገጽ ላይም እንደዚሁ። ከዚያም በፊት።

ለካ በጨረስክ ቁጥር ልኩን አንተው ታፈርሰው ነበር፤ ስድስት ወር ሙሉ የጠበቅኩት ልክ፣ ልክ አልነበረም። ጋሽ መኮንን ያጠፉት ነገር አልነበረም። ለምን አልነገርከኝም? ኦኬ፣ ምናልባት ስትነግረኝ ስልኬን እያየሁ ነበር ይሆናል።

ገጹን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡት። "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ያን ቀን እንግዳ ፊት..." ብዬ ስጀምር አቋረጡኝ።

"ሚዛኑ ዜሮ ላይ ነበር?" አሉ።

አልነበረም፣ አባዬ። ዜሮ ላይ ነው ብዬ ቼክ ሳላደርግ ነው የጀመርኩት። ዝም ብዬ ብሞላቸው ኖሮ ሠላሳዎቹም ከልክ በላይ ባሩድ ይዘው ጠመንጃውን ሊያፈነዱት ይችሉ ነበር። የወጥ ቤቱ ወታደር ልክ ሆኑ፤ ይህንን ዓመት ሙሉ እንደሚያወሩት ታውቃለህ። ከአሁኑ ለሦስት ሰው ደውለው ነግረዋል።

እንደገና ከመጀመሪያው መዝነን ሞላናቸው። እያንዳንዷን ቀለህ በባትሪ እያዩ፣ እንደ ቅዳሴ እያዜሙ የቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ከጽሑፍህ ሥር የዛሬውን ክብደት ጻፍኩ፣ ቀጥዬም "ሚዛኑን ያዩት ጋሽ መኮንን" ብዬ አስፈረምኳቸው። ፊርማቸው ግማሽ ገጽ ወሰደ።

አባዬ፣ የነካኸውን ሁሉ እንዳይነካ እያደረግኩ ላስታውስህ ነበር ሐሳቤ። አልተሳካልኝም። ስንጨርስ ባሩዱን ወደ ዕቃው መለስኩ፣ ብሎኑንም በራሴ እጅ አላላሁት። በከፈትኩት ቁጥር እመዝናለሁ፤ በመዘንኩ ቁጥርም አስታውስሃለሁ፣ ብናደድም።

ልጅህ ሳሮን